ለበዓል አገራችን ያልሄድን ሰዎች ምን እንደበላን ልንገራችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንኳን አደረሳችሁ፣ ቢዘገይም። ከፋሲካ በፊት በወጣው እትማችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ የዘንድሮ ወጣት በዓል ረስቷል፣ ጾም ሲፈታ ክትፎ ቤት ነው የሚሰለፈው፣ ዶሮ ወጥ መሥራት ቀርቷል ምናምን ብለው ጽፈው ነበር። አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብዬ ሳነበው ማኪያቶዬ በረደ። ሰውየው ስድብ አልተናገሩም፣ ግን ልጆቻቸው ሁሉ እዚሁ አጠገባቸው ያሉ ሰው መሆን አለባቸው ብዬ አሰብኩ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራይቻለሁ። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ማለት ነው፣ ፋሲካ ደግሞ ሁልጊዜ እሁድ ነው የሚውለው፣ ስቅለት ዓርብ ዝግ ነው ቢባልም ፋርማሲ ተረኛ አለው፣ ቅዳሜ ሥራ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ፣ እና በየት በኩል ልሂድ? ገና ወይ ጥምቀት ቢሆን ቀኑ አንዳንዴ ከሳምንቱ መጨረሻ ጋር ይገጥምና ይቻላል፣ ፋሲካ ግን ለእንደኔ ዓይነቱ በጭራሽ አይመችም።

በፊት በፊት ዘመድ ቤት እሄድ ነበር። የአባቴ የአክስት ልጅ አሉ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ሰው ቤት በዓል ስትውሉ እንግዳ ናችሁ በቃ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላችሁ ቴሌቪዥኑን ታያላችሁ፣ ልነሳ ላግዝ ስትሉ "ቁጭ በይ አንቺ" ይሏችኋል፣ ብይ ብይ ይሏችኋል፣ ከዛ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ "መቼ ነው የምታገቢው" ይመጣል። ጥጋብና ብቸኝነት አብሮ ይኖራል ወይ ብትሉኝ ይኖራል፣ እኔ ምስክር ነኝ።

አምና አንዲት ጓደኛችን ካዛንቺስ በተከራየችው ቤት ሰብስባን ነበር። ካዛንቺስ ለመልሶ ልማት ተብሎ እንደፈረሰ ታውቃላችሁ፣ የሷም ቤት አብሮ ፈረሰ፣ እሷም አሁን ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ናት። ስለዚህ ተራው የኔ ሆነ። ስምንት ሆንን፣ የአርባ ምንጭ፣ የጅማ፣ የመቀሌ፣ የደብረ ማርቆስ፣ አንዱም ቤተሰቡ አዲስ አበባ የለም። ወጪውን ለስምንት አካፍለን ብሩ በቴሌብር ገባልኝ።

መጀመሪያ የመጣው ጣጣ ዶሮ የሚያርድ ነው። አገር ቤት አባቴ ነው የሚያርደው፣ ካልሆነም ጎረቤት ወንድ አይጠፋም። እዚህ የመቀሌውን ልጅ ብንጠይቀው ደም ሲያይ ያዞረዋል። በመጨረሻ የግቢያችንን ጥበቃ ለመንናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ስልሳ ሊሞላቸው ነው መሰለኝ፣ ልጆቻቸው ጎጃም ናቸው፣ በዓል በመጣ ቁጥር በር ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው "እንኳን አደረሳችሁ" ሲሉን ከመዋላቸው ውጪ ስለሳቸው የምናውቀው ነገር አልነበረም። እሺ አሉ። "ቢላው ግን ይሳል" አሉ።

ሁለተኛው ጣጣ የጅማው ልጅ ነው። ሙስሊም ነው፣ አንድ ፋርማሲ ነው የምንሠራው፣ ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን ተፋጠን ነው የከረምነው፣ ለኢድ እሱ ጋ ነበርን። እና እሱ "እኔ ሽሮም ብትሠሪልኝ ይበቃኛል" ይለኛል። የወሎ ልጅ ሆኜ እንግዳዬን በፋሲካ ሽሮ ላብላ? እኛ አገር ሰው ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በቁሙ ነው የሚሰጠው፣ እነሱ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ይሠሩታል፣ ከዛ አንድ ግቢ ውስጥ ይበላል። እናቴ ስደውልላት "ይሄ ምን ይጠየቃል፣ ሁለት ዶሮ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት" አለችና ወደ ሌላ ወሬ ሄደች። ድስቱን ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቴ አበደሩኝ፣ ማማሰያውንም ጨምረው።

ቅዳሜ ከሰዓት የጋራ ማረጃው ጋ ወረድን። ጋሼ "በስመ አብ" ብለው አንዱን፣ የጅማው ልጅ "ቢስሚላህ" ብሎ ሌላውን። ከዛ ሁለቱ ቆመው ስለ ቢላ አሳሳል ተከራከሩ፣ እኛ ላባ ስንነጭ።

ስለ ሽንኩርቱ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን ጸሐፊው "መሥራት ቀርቷል" ያሉት እዚህ ጋ ነው የቆጠቆጠኝ። አራት ኪሎ ሽንኩርት ነው የላጥነው። ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ እናቴ በቪዲዮ ታያለች፣ ዘይት ጠብ ሳታደርጊ ውሃውን እስኪጨርስ አቁላዪው፣ ከዛ በርበሬ፣ ከዛ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ፣ አትቸኩይ፣ እሳቱን ቀንሺ፣ ኧረ አማስዪ! በርበሬውንና ቅቤውን እሷው ናት በአውቶቡስ የላከችልኝ፣ ቅቤው በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዬ እስካሁን ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። 11 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሁለቱንም ድስት ይዘን ኮሪደር ላይ ከሰል አቀጣጠልን፣ እኔ እዛ ላይ ታች ስል የኛኛው ድስት ከሥሩ ያዘ። ሽታው ሲመጣ አልቅሼ ልሞት ነበር፣ እናቴ ሽታውን ከደሴ የሰማችው ይመስል "እንዳትነኪው!" አለች፣ "ሥሩን እንዳትፍቂው፣ የላይ የላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጪ፣ ያረረው እዛው ይቅር"። ገለበጥን። ተረፈ። ይሄን መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም፣ በቪዲዮ ኮል ነው የተማርኩት፣ እና እንደዚህም ሆኖ በዓል ይወረሳል ለማለት ነው።

ዶሮውን በሎሚና በጨው እስኪጠራ አጥበን፣ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተን (አሥራ ሦስት ሆነብኝ፣ ክንፉ ጋ የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ) ወጡ ደርሶ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነጠላችንን ለብሰን ሥላሴ ሄድን። ቅዳሴው አልቆ ሌሊት 9 ሰዓት አልፎ አራት ሆነን ስንመለስ ጋሼ በሩ ላይ ናቸው። ሌሊት ተረኛ ናቸው። "ይምጡ ይባርኩልን" አልናቸው፣ በሩን ለጓደኛቸው ትተው ወጡ። ድፎ ዳቦውን አቅርበን ቆመን ጠበቅን። ባርኔጣቸውን አውልቀው ዳቦውን ቆረሱና መረቁ፣ ረጅም ምርቃት ነው የመረቁት፣ መሀል ላይ በየአገራችን ስም እየጠሩ "የነዚህን ልጆች ወላጆች ደጃፍ ጠብቅ" ሲሉ የደብረ ማርቆሷ ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወጡ ሲወጣ ደግሞ ማንም ያላሰበበት ነገር መጣ። ፈረሰኛው ለማን ነው? አገር ቤት ጥያቄ የለውም፣ ለአባወራ ነው። እኛ ቤት አባወራ የለም። ቤቱ የሷ ነው ለሷ ይሰጥ አሉ፣ እኔ እምቢ፣ የገላን ጉራዋ ከሩቅ ነው የመጣችው ተባለ፣ እሷ እምቢ። ጋሼ ዝም ብለው እንጀራቸውን ይቆርሳሉ። ሳህናቸው ላይ አወጣሁላቸው። ቀና ብለው "ይሄን ከበላሁ አራት ዓመቴ" አሉና በሉ። ሌሎቹ እሁድ ምሳ ላይ መጡ፣ የጅማው ልጅ የራሱን ድስት ክዳን ሲከፍት ከኛኛው የሱ ይጥማል ተባለ፣ እውነት ነው፣ የሱ አላረረም።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ። እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አከራዬ ደወሉ። እሳቸው የሚኖሩት ጎን ካለው ብሎክ ነው። "እንኳን አደረሰሽ" የለ ምን የለ፣ "በሌሊት ማነው ሲመላለስ የነበረው፣ ቤቴን ሆቴል አደረግሽው ወይ?" እትዬ ጓደኞቼ ናቸው፣ ከቅዳሴ ነው የመጣነው አልኳቸው። "ከ3 ሰዓት በኋላ ሰው አይገባም ተባብለናል" አሉ። እውነት ነው ተባብለናል። በአፍ። የኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016 ማለት ነው፣ ሲወጣ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ ተብሎ ደስ ብሎን ነበር፣ እኔም ውሌን ወረዳ ሄጄ አስመዝግቤያለሁ። እዛ ወረቀት ላይ ግን ስለ እንግዳ አንድም ቃል የለም፣ ስለ እንግዳ ያለው ሁሉ አከራዬ አፍ ውስጥ ነው ያለው፣ በአፍ ያለውን ደግሞ የት ሄጄ ልከራከር? ጓደኞቼን ብጠይቅ ከስምንታችን አምስታችን እንዲህ ያለ ሕግ አለብን። የአርባ ምንጩ ልጅ ጭራሽ እህቱ መጥታ እንዳታድር ተከልክሏል።

እና ጸሐፊው ሆይ፣ ወጣቱ ክትፎ ቤት የተሰለፈው ዶሮ ጠልቶ ላይሆን ይችላል። ክትፎ ቤት "እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትቆዩት፣ ስንት ናችሁ" ብሎ አይጠይቅም። አከራዮችም ስጋት እንዳለባቸው አውቃለሁ፣ ውሃ ይባክናል፣ ጎረቤት ይከስሳል፣ ማን እንደሚገባ አይታወቅም፣ ይሄ ሁሉ ልክ ነው። በዓመት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የምለምነው፣ የገናና የፋሲካ።

ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ለገና ይጋበዙልኝ። ሽንኩርት ይልጣሉ፣ እንደሌላው ሰው። ከቅዳሴ መልስ ስለሆነ ደረጃው ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይውጡ። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ ስሜን ግን አታውጡብኝ፣ አከራዬም የናንተ አንባቢ ናቸው።

አክባሪያችሁ፣ ከግንፍሌ