ስለ አባባ የጨረር ሕክምና

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበታችሁ? አብሽሪ እህቴ። የላክሽልኝን የሲቲ ስካንና የናሙና ውጤት ደጋግሜ አየሁት። የሳንባ ካንሰሩ ከደረቱ አልወጣም፤ መሃል ደረቱ ላይ ያሉትን ንፍፊቶች ስለያዘ ግን ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ትተውታል። ለእንዲህ ያለው ጨረርና ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) አንድ ላይ የሚሰጡት ለማዳን ታስቦ ነው። «ጨረር ተስፋ ለቆረጠ ሰው ነው» የሚሉሽን አትስሚ። እነሱ የሚያውቁት የአጥንት ሕመም ለማስታገስ የሚሰጠውን፣ በአንድ ወይም በአምስት ቀን የሚያልቀውን ነው።

ለአባባ ዓይነት ሕመም የተለመደው መጠን 60 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው፤ ለ30 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 6 ሳምንት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ አይሆንም። ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ እንደሰጡት መጀመሪያ ማደሪያ ይያዝለት። ቀን በዘለለ ቁጥር የተረፉት የካንሰር ሴሎች መልሰው ይራባሉ፤ ማሽን ቢበላሽ ወይም ዒድ ቢገባ የጎደለው ቀን እንዴት እንደሚካካስ ጠይቂ።

ከሕክምናው በፊት እጁን ከራሱ በላይ አድርጎ ተኝቶ ሲቲ ይነሳና ደረቱ ላይ ምልክት ይደረግለታል። በቀለም ከሆነ ሲታጠብ አይፈተግ፤ ቢደበዝዝም ራሳችሁ አትድገሙት፣ ለባለሙያው ንገሩ። በየቀኑም እንደዚያው እጁን ሰቅሎ ስለሚተኛ፣ ትከሻው የሚያመው ከሆነ ሐኪሙ የፈቀደውን ማስታገሻ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጥ። ጨረሩ ራሱ አያምም፤ ወደ ሰውም አይጋባም፣ የልጅ ልጆቹን እንደልቡ ይቀፍ።

በ3ኛው ሳምንት ገደማ የምግብ ቧንቧው ስለሚቆጣ መዋጥ ያስቸግረዋል። ያኔ በርበሬና የሚፋጅ ቡና ይቅርበት፤ ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ ቀጠን ያለ ገንፎ በትንሽ በትንሹ ስጪው። በየሳምንቱ ይመዘን። ውሃ እንኳ አልወርድ ካለው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ረመዷን ቢገጥመውም ለታመመ ተፈቅዷልና አይጹም፣ ቀዷውን ሲሻለው ያወጣል። ሲጋራውን ግን ዛሬውኑ ያቁም፤ የጨረሩን ጥቅም ይቀንሳል፣ ጉዳቱን ያባብሳል።

አደራ የምልሽ ከጨረሰ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ነው። ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት ከመጣ የሳንባ ምች ወይም ቲቢ ይመስላል፤ ጨረር መውሰዱን ያላወቀ ሐኪም አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጥቶ ሊሸኘው ይችላል። መጠኑና የጨረሰበት ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ይዘሽ አሳዪ። ከጨረሩ የመጣ የሳንባ ብግነት ከሆነ የሚታዘዝለት ብግነት የሚያበርደው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ ተሽሎኛል ተብሎ በአንዴ አይቋረጥም።

የማደሪያውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ቀጠሮው እንደተቆረጠ ደውይልኝ። እማማን ሳሚልኝ፣ በዱዓ አትርሱኝ።

ወንድምሽ