ለማርታ፦ ከአድቬንት እስከ ገና በአንድ ቤት

ውድ ማርታ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ከረማችሁ? ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋልና ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። የሆድ የሆዳችንን ስንገናኝ እናወራለን፤ የጠየቅሽኝ ጉዳይ ግን ቀን የተቆረጠለት ስለሆነ በቀጥታ ወደ እርሱ ልግባ። ልጆቹ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ከገቡ ይህ የመጀመሪያው የበዓል ሰሞናቸው ነው። እማማ ከአዲስ አበባ መጥተው እናንተ ዘንድ ሊከርሙ ነው። የካቶሊክ ቁምስናችሁ ልደትን ዲሴምበር 25 ያከብራል፤ እማማ ደግሞ ጾመ ነቢያትን እስከ እኛ ገና ዋዜማ፣ እስከ ጃንዋሪ 6፣ ይጾማሉ። ቤቱ ለሁለት እንዳይከፈል ምን ላድርግ ብለሻል።

እኔ የምመክርሽ ሁለት ገና እንዳታደርጉ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 7 ያለውን አንድ ጉዞ አድርጉት። የዘንድሮውን ቀን መቁጠሪያ ብታዪው ራሱ ይረዳሻል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ቀን 2026 ይገባል፤ አምስት ቀን ቆይቶ እሑድ ኖቬምበር 29 አድቬንት፣ ማለትም ምዕራባውያን ከዲሴምበር 25 በፊት ለልደት የሚዘጋጁባቸው አራት ሰንበቶች፣ ይጀምራል። በግዕዝ ሥርዓታችን ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሰንበቶች፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፣ ዲሴምበር 20፣ ዲሴምበር 27 እና ጃንዋሪ 3 ላይ ይውላሉ። ስለዚህ ዲሴምበር 20 ለልጆቹ አራተኛው የአድቬንት ሰንበት፣ ለእማማ ደግሞ ስብከት ነው። ጃንዋሪ 6 የሰብአ ሰገል በዓል ሲሆን በእኛ ታኅሣሥ 28፣ አማኑኤልና የገና ዋዜማ ነው። እናንተ ባላችሁበት ክልል በባደን ቩርተምበርግ ደግሞ ያ ቀን ሥራ ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ!

ከአድቬንት አክሊሉ፣ ማለትም በየሰንበቱ አንድ አንድ እየተጨመረ የሚበራ አራት ሻማ ከሚተከልበት የጥድ ቅርንጫፍ ክብ፣ ልጀምር፤ ቤቱን በየቀኑ አንድ ገበታ ላይ የሚሰበስበው እርሱ ነውና። ልማዱን የጀመረው በ1839 ሃምቡርግ ውስጥ ድሆች ልጆችን ያሳድግ የነበረው የፕሮቴስታንት ፓስተር ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን ነው። በጋሪ ጎማ ላይ ለየሰንበቱ ትልቅ ነጭ፣ ለአዘቦቱ ትንሽ ቀይ ሻማ ያበራ ነበር። ካቶሊኮች የወሰዱት ዘግይተው ነው፤ በኮሎኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሰቀለው በ1925 ነው። አሁን በእኛ ዘንድ ሦስት ሐምራዊና አንድ ሮዝ ሻማ የተለመደ ሲሆን፣ ሮዙ የሚበራው በሦስተኛው ሰንበት፣ ዘንድሮ ዲሴምበር 13 ነው። ገበያ ላይ የምታገኚው በአብዛኛው አራት ቀይ ይሆናል፤ ብዙ አትጨነቂ፣ ቀዩም ይሠራል።

ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የገለባ ቀለበት ግዢ። የጥዱን ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥሽ፣ ሦስት ሦስቱን ይዘሽ፣ ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ አድርገሽ በቀጭን ሽቦ ጠምጥሚው። የሚቀጥለው እቅፍ የፊተኛውን ግንድ ይሸፍናል። ሻማው ውፍረቱ ከ6 እስከ 7፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ቀጭን ሻማ ልጅ ሲነካው ይጋደማል፣ በሁለተኛው ሳምንትም ያልቃል። የሻማ መትከያውን ሹል ብረት ክብሪት ላይ ጥቂት አሙቀሽ ከሻማው ሥር ብትገፊው ሻማው አይሰነጠቅም። ከሥሩ የብረት ወይም የሸክላ ሰሐን ይኑር።

አደጋው ያለው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ጥዱ በማሞቂያ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ሲቆይ እንደ ጭራሮ ይደርቃል፤ የመጀመሪያው ሻማ ደግሞ ያን ጊዜ ወርዶ እሳቱ ከቅጠሉ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከማሞቂያው አርቂው፣ በሁለት ቀን አንዴ ውኃ እርጪበት፣ ከሻማው ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ቅጠል አጽጂ፣ ጥብጣቡንም በጎን እንጂ በላይ አታሳልፊው። ሻማው የሚበራው ለጸሎቱና ለራቱ ብቻ ይሁን። ገበታው ሲነሣ ይጠፋል፤ ሰው ከሌለበት ክፍል ለአፍታም ቢሆን አይበራ።

ጸሎቱን አታርዝሚው። ብዙ ቤት ይህ ልማድ በሁለተኛው ሳምንት የሚቋረጠው እናትና አባት በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ስለሚያስጸልዩ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ማማተብ፣ መብራቱን ማጥፋት፣ ሻማውን ማብራት፣ አጭር ንባብ፣ አባታችን ሆይና ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ፣ አንድ መዝሙር። ለንባብ በመጀመሪያው ሳምንት ኢሳይያስ 2፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 35፣ በአራተኛው ደግሞ ድንግል ትፀንሳለች የሚለውን ምዕራፍ 7ን ውሰዱ፤ በየማታው ሁለት ሦስት ቁጥር ብቻ። ትልቋ ታንብብ፣ ትንሹ ሻማውን ይጠቁም፣ እማማ ይመርቁ። ከዲሴምበር 17 እስከ 23 ቤተ ክርስቲያን በየማታው ክርስቶስን በአንድ ስም ትጠራዋለች፤ ጥበብ፣ አዶናይ፣ የእሴይ ሥር፣ የዳዊት ቁልፍ፣ የንጋት ብርሃን፣ የአሕዛብ ንጉሥ፣ አማኑኤል። ሰባቱን ስም በሰባት ወረቀት ጽፋችሁ በየማታው አንድ አንድ ስቀሉ። የመጨረሻው አማኑኤል ነውና እማማ ስሙን ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል።

ዲሴምበር 4 የቅድስት ባርባራ ቀን ነው። ከቼሪ ዛፍ ላይ እምቡጥ የያዙ ጥቂት ቅርንጫፎች በሰያፍ ቁረጡና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሳድሯቸው፤ ከዚያ በአበባ ማስቀመጫ አድርጋችሁ ውኃውን በየሦስት ቀኑ ለውጡ። እስከ ልደት ዋዜማ ያብባሉ። ካላበቡ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ዛፉ ገና ውርጭ አልቀመሰም። ኖቬምበር ሞቃት ከነበረ ቅርንጫፉን አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ማሞቂያ ሥር ካስቀመጥሽው ደግሞ እምቡጡ ሳይከፈት ይረግፋል።

ቅዱስ ኒኮላስ ዘንድሮ እሑድ ላይ ይውላል። ልጆቹ ዲሴምበር 5 ማታ ጫማቸውን ጠርገው በር ላይ ያኑሩ፤ ለውዝ፣ መንደሪንና ትንሽ ቸኮሌት ይበቃል። የሚራ ጳጳስ እንደነበረ ንገሪያቸው፤ ቸኮሌቱንም የጳጳስ ቆብ ያደረገውንና በትር የያዘውን ምረጪ።

የልደቱ በረት ላይ ግን ጊዜ ብትወስጂ እወዳለሁ። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በ1223 ጣሊያን ውስጥ ግሬቾ ላይ ሲያዘጋጀው ግርግም፣ ጭድ፣ በሬና አህያ ነበር ያቀረበው፤ ለልጆች የሚገባቸውም እንዲህ ያለው ነው። ቁመታቸው 12 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የእንጨት ምስሎች ይሻላሉ፤ ሸክላው ያምራል፣ ነገር ግን የሦስት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት እስከ ልደት አይደርስም። በረቱን ከትንሹ ዓይን ጋር እኩል በሆነ ቦታ አድርጊው፤ ከፍ ካለ ወንበር እየሳበ ይወጣል። መጀመሪያ ባዶው በረትና እንስሳቱ ብቻ ይቁሙ። ማርያምና ዮሴፍ ከሌላ ክፍል ተነሥተው በየቀኑ ጥቂት ይጓዙ፣ ዲሴምበር 24 ይድረሱ። ሰብአ ሰገል በጣም ሩቅ ከሆነው መስኮት ይነሡና ጃንዋሪ 6 ይግቡ። ሕፃኑን በትንሽ ሣጥን ከሻማዎቹ ጋር ደብቂው፤ በየቤቱ ዋዜማ ማታ የሚጠፋው እርሱ ነው።

ግርግሙን ልጆቹ በጭድ ይሙሉት። ለጥንቸል የሚሸጠውን ገለባ ግዢና በጣት ርዝመት ቁረጪው። ለሰው መልካም ያደረገ አንድ ዘለላ ይጨምራል። የሚበላሸው ቆጠራ ሲጀመር ነው፤ እኔ ሰባት፣ አንተ ሦስት ከተባለ ልማዱ ወደ ፉክክር ይዞራል። ስለዚህ የጨመረ ሰው ምን እንዳደረገ አይናገር፣ አዋቂዎችም ዝም ብላችሁ ጨምሩ።

ዛፉን እስከ ጃንዋሪ 7 ልታቆዩት ስለሆነ ቶሎ አትግዙት። ዲሴምበር 22 ወይም 23 ግዙና ከግንዱ ሥር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ወዲያው ውኃ ባለው መቆሚያ ላይ አቁሙት። ቁራጩ ሙጫ ካወጣና ከደረቀ በኋላ ውኃ አይስብም፤ ቅጠሉም ከአዲስ ዓመት በፊት ይረግፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ስለሚጠጣ ጠዋትና ማታ እዪው። ዛፉ ላይ የሚበራው የኤሌክትሪክ መብራት ይሁን።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። ዲሴምበር 24 ማታ ገበታው በሙሉ የጾም ይሁን፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። በብዙ የካቶሊክ አገሮች ይህ ዋዜማ ያለ ሥጋ ማለፉ የቆየ ልማድ ነውና ልጆቹ የቀረባቸው ነገር የለም፤ እማማም ከሁሉም ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ቁምስናችሁ ለልጆች የሚያደርገው ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ሰዓቱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ከራት በኋላ መብራት ይጥፋ፣ ሉቃስ 2 እስከ ቁጥር 20 ይነበብ፣ ትንሹ ሕፃኑን በግርግሙ ያኑር፣ ይዘመር። ስጦታው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሰጠ ወንጌሉን የሚሰማ አይኖርም። በማግሥቱ እናንተ የፍስክ ስትበሉ ለእማማ በያይነቱ ቅቤ ባልነካው ድስት ተሠርቶ ይቅረብላቸው። ዛሬስ ይብሉልን እያላችሁ አታስቸግሯቸው። አያት ስትጾም ማየት ለልጆቹ ሃይማኖታቸው ከቀድሞ አባቶች የመጣ እንደሆነ ያስተምራቸዋል። በዚህ ነገር ጥብቅ አቋም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዳይቀዘቅዙ፣ ብርሃንና ኖላዊ ሰንበት ላይ አራቱንም ሻማ እንደገና አብሩ፤ ጥዱ ግን ደርቋልና ሻማዎቹን አውጥተሽ በሰሐን ላይ አቁሚ። ኖላዊ መልካም እረኛ ማለት ነውና ጃንዋሪ 3 ዮሐንስ 10 ይነበብ፣ የበረቱን እረኞችም ልጆቹ ያንሷቸው።

የኮከብ ዘማሪዎቹን ልጆች እንዳያመልጧችሁ። ከ1959 ጀምሮ በመላው ጀርመን የሰብአ ሰገልን ልብስ ለብሰው በየቤቱ እየዘመሩ ለተቸገሩ ሕፃናት ገንዘብ ያሰባስባሉ። በብዙ ቁምስና ስም ካላስመዘገብሽ አይመጡምና በዲሴምበር አጋማሽ ጠይቂ። በተባረከ ጠመኔ በራችሁ ላይ 20፣ ሲ፣ ኤም፣ ቢ፣ 27 ብለው በመካከሉ መስቀል እያደረጉ ይጽፋሉ፤ ቁጥሮቹ ዓመቱ 2027 ናቸው፤ ፊደላቱ ደግሞ ክርስቶስ ይህን ቤት ይባርክ የሚለው የላቲን ጸሎት መነሻ ፊደላት ናቸው። ካልመጡ ከቁምስናው የተባረከ ጠመኔ ወስዶ የቤቱ አባት ይጻፍ። ትልቋ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከዘማሪዎቹ ጋር ብትሄድ በጣም ደስ ይለኛል።

ጃንዋሪ 6 የወጥ ቀን ነው። ለዶሮው የሾርባ ዶሮ ተብሎ የሚሸጠውን ያረጀ ዶሮ ግዢ፤ ተራው የሱፐርማርኬት ዶሮ በግማሽ ሰዓት ከአጥንቱ ይለያያል፣ ያረጀው ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይችላል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት በቢላ ይከተፍ፤ በማሽን ከተፈጨ ውኃ ይተፋና ይመራል። የዚህ አገር ሽንኩርት ውኃው ብዙ ስለሆነ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አንድ ሰዓት ገደማ አብስይው። ከዚያ ዘይት፣ 150 ግራም በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረሽ፣ እንዳያርር ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረግሽ ሌላ አንድ ሰዓት። ዋዜማው ላይ እዚህ አቁሚ። ቁሌቱ ዘይት ብቻ ስለሆነ ቀማሹም ጾሙን አይሽርም። ዶሮው፣ ንጥር ቅቤው፣ መከለሻውና እንቁላሉ በማግሥቱ ይገባሉ። ሐሙስ የሥራ ቀን ስለሆነ ማዕዱ ማታ ይሁን። የእንጀራው ሊጥ በቀዝቃዛ ወጥ ቤት ስለሚዘገይ እሑድ ጃንዋሪ 3 አቡኪው፤ መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ ብታስቀምጪው በደንብ ይቦካል።

በረቱን ጃንዋሪ 7 አታፍርሱት፤ የፈለጉ ቤተሰቦች ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ እስከ ገባበት ዕለት፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2 ያቆዩታል። የግዕዝ ቅዳሴ በአቅራቢያችሁ የት እንዳለ አባን ጠይቂያቸው፤ ካለ እማማን ሌሊት ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገዱ ቢርቅም።

ለእማማ ጉልበት ሳሚልኝ፤ ባለቤትሽንና ልጆቹን ሰላም በይልኝ። ሮዝ ሻማ ካጣሽ ጻፊልኝ፣ ከዚህ እልክልሻለሁ።

እህትሽ ትርሲት
ከኮሎኝ