ያቺ ሴት ለምን አልተቃጠለችም?

ለተከበሩ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከኮምቦልቻ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ እንደ እኛ እንደ ኮምቦልቻ አይደለምና ጋቢዎን ሳይደርቡ በረንዳ ላይ እንዳይቀመጡ አደራ እላለሁ።

የልብ ወለዴን ረቂቅ አንብበው በእህቴ እጅ የላኩልኝ ማስታወሻ ደርሶኛል። ድግምተኛዋ ሳትቃጠል በቀረችበት በመጨረሻው ምዕራፍ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የሰው ዕድሜ የነጠቀች ጠንቋይ በሕይወት ከኖረች አገሪቱ ሕግ የላትም» ብለው ጽፈዋል። ዕድሜዎን በዳኝነትና በሽምግልና ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ትችትዎን ዝም ብዬ ልቀበለው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እንደ ተከራካሪ ወገን መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

በፈጠርኳት አገር አስማት ሁሉ የተከለከለ አይደለም። ሥር ምሶ በሽተኛ የሚያድን፣ የተደገመበትን የሚፈታ ሰው ይከበራል። የተከለከሉት ሙት መቀስቀስ፣ የሰውን ፈቃድ በድግምት ማሰርና የሌላውን ዕድሜ ወስዶ በራስ ላይ መጨመር ናቸው። የአሠራሩን ሥርዓት ከሩቅ አላመጣሁትም። የእኛ ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ በተቆረጠ ብራና ላይ እንደሚጻፍ፣ ቅዱሳት ስሞቹ በቀይ ቀለም እንደሚለዩ፣ ኮከብ ቆጣሪውም የሰውየውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ በ12 እየገደፈ፣ ማለትም 12 12 እያነሣ በተረፈው ቁጥር እንደሚያሰላ ያውቃሉ። በመጽሐፌም ድግምተኛዋ የሰለባዋን ስምና የእናቱን ስም ሳታውቅ አንዲት ጀንበር እንኳ ልትነጥቀው አትችልም።

እርስዎ ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ጠቅሰው ሞት ይገባታል ብለዋል። ጎረቤታችን ሐጂም ቢጠየቁ ሲህር፣ ማለትም ድግምት፣ ከሰባቱ አጥፊ ኃጢአቶች ከሽርክ (በአላህ ላይ ሌላን ከማጋራት) ቀጥሎ የተቆጠረ መሆኑን ያስታውሱን ነበር። የጥፋቱን ክብደት አልክድም። እኔን ያስጨነቀኝ ማስረጃው ነው፤ ምክንያቱም የድግምት ክስ ከሳሹ ብቻ አየሁ በሚለው ነገር ላይ ይቆማል። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሳሌም በምትባል መንደር በ1692 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህ ነው። የተከሳሾቹ መንፈስ መጥቶ አነቀን፣ ነከሰን ያሉ ልጃገረዶች በሰጡት ቃል 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ለፍርድ አልቆምም ያሉ አንድ አዛውንት ደግሞ ድንጋይ ተጭኖባቸው ሞቱ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ጠንቋዮች ነን ብለው አምነው በቃላቸው የጸኑት ከገመድ ሲተርፉ፣ እውነቱን ተናግረው የካዱት መሞታቸው ነው። እርስዎ በችሎትዎ እንዲህ ያለ ነገር ይፈቅዱ ነበር?

ከእኛው ታሪክም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አስቤያለሁ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡበት ዘመን ጥንቆላን ለማጥፋት ቆርጠው ተነሥተው፣ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዱም ሰይጣንን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ አዘዙ። ደስክና ዲኖ ለሚባሉት አጋንንት ሰግደዋል የሚል ክስ በገዛ ልጆቻቸው ላይ በመጣ ጊዜም አልራሩም፤ አስገረፏቸው፣ ከግርፋቱም የተነሣ የሞቱ አሉ። ነገር ግን የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ራሱ ከሳሾቹን ሐሰተኞች ይላቸዋል። ንጉሥ በልጆቹ ላይ እንኳ የቀረበለትን ክስ ማጣራት ካቃተው፣ የአንዲት ተራ ሴት ነገር እንዴት ይጣራል?

በመጽሐፌ ያለችው ሴት በእርግጥ አድርጋዋለች፤ አንባቢው አይቷል፣ እርስዎም አይተዋል። ስለዚህ እርሷን በማስረጃ እጦት አላዳንኳትም። ዳኛው ማገዶው እንዲበተን ያዘዘው በሌላ ምክንያት ነው። የነጠቀችው ዕድሜ አሁን በእርሷ ሥጋ ውስጥ ነው፤ እርሷ ከተቃጠለች የዚያ ያለ ጊዜው የሸበተ እረኛና የሦስቱ እኅትማማቾች ዓመታት አብረው አመድ ይሆናሉ። በመሆኑም በሕይወት ቆይታ፣ የወሰደችውን በየማለዳው አንድ አንድ ቀን እያደረገች እንድትመልስ ተፈረደባት። በየደጃቸው እየሄደች፣ እጃቸውን ይዛ፣ በሰው ፊት ትመልሳለች። ከዚያም በላይ ስሟ ከሕዝብ መዝገብ ተፍቋል፤ በዚያች አገር ስም የሌለው ሰው ቢደግም መንፈስ አይሰማውምና። እረኛው አንድ ማለዳ ጢሙ ሥር አንድ ጥቁር ጠጉር አግኝቶ መስተዋት ለመዋስ ጎረቤት ቤት ሲሮጥ የሚያሳየውን ገጽ እርስዎ በቀይ አልነኩትም፤ እንደወደዱት ቆጠርኩት።

ይህን ፍርድ ልል ነው ብለውታል። እኔ ግን የተማርኩት ከእርስዎ ነው ብል ቅር አይበልዎ። ከአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ከአባጋሮቹ ጋር ለደም ዕርቅ በተቀመጡ ጊዜ ገዳዩን ከሟች ዘመዶች ፊት አቅርባችሁ ካሳውን ስታስቆጥሩ፣ ሁለተኛ ሬሳ የመጀመሪያውን ቤት አያቆምም ሲሉ ሰምቻለሁ። ዳኛዬ የሚናገረው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ደግሞስ የሰረቀችውን ሦስት መቶ ዓመት ቀን በቀን እያወለቀች፣ በየማለዳው ከሚጠሏት ሰዎች ደጅ መቆም ከእሳት ይቀላል? እኔ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ያለ እርስዎ ልወስን አልቻልኩም። ቀደም ባለው ምዕራፍ ሌላ ሴት፣ ምንም ያላደረገች፣ በአለቃው የሐሰት ክስ ተቃጥላለች። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ሐሰተኛ ምስክር በወንድሙ ላይ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲፈጸም ታዟል። እንደዚያ ከሆነ አለቃው መቃጠል አለበት፤ እኔም አሁን የተሟገትኩለትን ሁሉ አፈርሳለሁ። ካሳ ይክፈል ብል ደግሞ የሞተችው ሴት እንደ እረኛው ዕድሜዋ የሚመለስላት አይደለችም፤ ልጅም አልነበራት። እሑድ ወደ ደሴ ስለምመጣ፣ እስከዚያ ነገሩን አውጥተው አውርደው ፍርድዎን በዚያው ቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ይጠብቁኝ፤ ምክንያቱንም አይተዉብኝ።

አክባሪ ልጅዎ