መንጋጋችንን የሚያይልን ማነው?

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጅማ መርካቶ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለረጅም ጊዜ ላሠቃየኝ የመንጋጋ ጡንቻ ሕመም እርዳታ ለመጠየቅ ነው። የምጠይቀው ለራሴ ብቻ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ጉዳዩን ሳነሳ «እኔንም እኮ ያመኛል» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ታዲያ ሐኪም ፊት ቀርበው አያውቁም። የሚቀርቡትም የት መሄድ እንዳለባቸው አያውቁም።

ሕመሙ የጀመረኝ ትንሿ ልጄ ጡት ስትጥል ነው። አሁን እሷ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እኔን ግን አልለቀቀኝም። ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ጉንጮቼ ተወጣጥረው ነው የማገኛቸው። ቀኝ ጆሮዬ ሥር ይጠዘጥዘኛል። በዓይኔና በጆሮዬ መሃል ወዳለው የግንባሬ ጎን ይወጣና ራስ ምታት ይሆናል። አፌን ስከፍት ቀጭ ይላል። በባሰብኝ ቀን ጉርሻ መቀበል ያቅተኛል፤ ሰው ቤት ሄዶ ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ቡና ሲፈላ ቆሎው በእኔ በኩል ያልፋል። ማዛጋት እንኳ እፈራለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጥርስ ክሊኒክ ነው። የትኛው እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ያመመኝ መንጋጋዬ ስለሆነ ጥርሱ ነው ተባልኩና አንድ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ። ራጅ እንኳ አልተነሳሁም። ቁስሉ ዳነ፣ ሕመሙ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ሌላ ቦታ ደግሞ አጠገቡ ያለው ጥርስ ይነቀል አሉኝ። ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጆሮዬን በደንብ አዩልኝና ምንም የለበትም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል «ታዲያ የሚያመኝ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልስ አልነበረም፣ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ተጻፈልኝ። እሱም ሲደጋገም ጨጓራዬን ነካው።

አማቴ ወጌሻ ጋ እንሂድ አሉ። ጎረቤት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ነው ብላ ቤቱን አስጨነቀችው። መንጋጋ ቆልፍ ከቁስል በኋላ በቀናት ውስጥ የሚብስ፣ ሰውነትን ሁሉ የሚያደርቅ፣ ገዳይ በሽታ ነው። እንደዚያ ያለ ምልክት የታየበት ሰው አንድ ቀን ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። የእኔ ግን ዓመታት የቆየ ነው።

በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነው። ጥርሴን ከማየቱ በፊት ሁለት ጣቱን ጉንጬ ላይ አድርጎ ጫን አለ። «እህቴ፣ እዚህ ጋ ያምሻል?» ሲለኝ ከወንበሩ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። የግንባሬን ጎንም እንዲሁ ነካው። ያ የማውቀው የጆሮ ሕመም፣ ያ የማውቀው ራስ ምታት፣ ከጣቱ ሥር ወጣ። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩትን ነገር ያለ ምንም መሣሪያ በደቂቃዎች አገኘው።

የነገረኝን ለአንባቢ ላካፍል። ከጉንጭ አጥንት እስከ መንጋጋ ጥግ የሚወርድ ማሴተር የሚባል ጠንካራ ጡንቻ አለ። ጥርሳችሁን ግጠሙና ጉንጫችሁን ንኩት፤ ጠጠር ብሎ ይነሳል። የግንባር ጎን ላይ ያለው ሌላው ጡንቻ ቴምፖራሊስ ይባላል። የመንጋጋው መገጣጠሚያ ከጆሮ ፊት ለፊት ነው፤ በመሃሉም እንደ ትራስ የሚያገለግል ቀጭን ነገር አለ፤ እሱ ከቦታው ሲንሸራተት ነው ቀጭ የሚለው። ድምፅ ብቻ ካለና ካላመመ አያስፈራም። ጡንቻው ግን ያለ ዕረፍት ከሠራ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንደተሸከመ ክንድ ይዝላል። ሕመሙንም ወደ ጆሮ፣ ወደ ግንባር ጎን፣ ወደ ጤነኛ ጥርስ ይልከዋል። የእኔ ጥርስ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እንደሚያጠቃም ነግሮኛል።

ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ስፒል በከንፈሬ ይዤ እውላለሁ፤ ክር በጥርሴ እቆርጣለሁ። ዒድ ወይም ፋሲካ ሲደርስ እስከ እኩለ ሌሊት እሰፋለሁ፤ ያኔ ጥርሴ ተገጥሞ ነው የሚውለው። ባለቤቴ ደግሞ በእንቅልፍሽ ጥርስሽን ታፋጫለሽ ይለኛል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ምግብ ስንበላ ካልሆነ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ መነካካት የለባቸውም አለኝ፤ ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ይለያያል፣ ምላስ ላንቃ ላይ ያርፋል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጬ ላይ እንዳደርግ፣ ማስቲካና ጠንካራ ነገር እንድተው፣ አፌን ቀስ ብዬ እየከፈትኩ እንዳለማምደው አሳየኝ። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደርቦ በፊት ጥርሶቹ መሃል ማስገባት ይችላል። እኔ ያኔ ሁለት እንኳ አይገባልኝም ነበር፤ አሁን በደህና ቀን ሁለቱ ይገባሉ። ክሩን በመቀስ መቁረጥ ከጀመርኩም ከሰዓት በኋላ ያለው ሕመም ቀንሶልኛል።

የቀረኝ የሌሊቱ ነው። ለዚህ በጥርሴ ልክ የሚሠራ፣ ስተኛ የማጠልቀው የፕላስቲክ መከላከያ እንደሚያስፈልገኝ ተነገረኝ። የጡንቻ ፊዚዮቴራፒም እንደዚሁ። ለመከላከያው አዲስ አበባ ሞክሪ ተባልኩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ቦታ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ስለ ጫትም ሳላነሳ አላልፍም። የምኖረው ጅማ ነው። ሱቄ ፊት ለፊት ከምሳ በኋላ በአንድ ጉንጫቸው ለሰዓታት ሲቅሙ የሚውሉ ልጆች አሉ። ሲነሱ ጉንጫቸውን እያሹ ነው። ለሰዓታት ሳያቋርጡ ማኘክ፣ ያውም በአንድ በኩል፣ ጡንቻውንም መገጣጠሚያውንም ያደክማል። የምወቅሳቸው እንዳይመስላቸው፤ ወንድሞቼ ናቸው። ነገር ግን ጉንጫቸው ሲታመም ጥርሳቸው እንዳይነቀል እፈራላቸዋለሁ።

ከተማችን ሐኪም የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የጤና ሳይንስ ተቋሙና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ ማስተማር የሚታወቅበት ሥራው ነው። የጥርስ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል። ቤት ለቤት የሚመጡት ተማሪዎች ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ንጹህ ውሃ ይጠይቁናል፤ ጥሩ ነው። «አፍሽን ስትከፍቺ ያምሻል? ሦስት ጣት ይገባል?» ብለው ቢጨምሩበት ስንት ሰው ይገኝ ነበር! ደመወዝ የማይጨምር፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ጥያቄ ነው። በየጥርስ ክሊኒኩም ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ጉንጭና የግንባር ጎን በጣት እንዲነካ አጥብቄ እለምናለሁ። የተነቀለ ጥርስ አይመለስም።

ለእናንተ ያለኝ ልመና ይህ ነው። በጤና ዓምዳችሁ የመንጋጋ ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚያክም ባለሙያ ጋብዙልን። የሌሊቱ መከላከያ ከጅማ ሳይወጣ መሠራት ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም በየትኛው የመንግሥት ሆስፒታል እንደሚገኝ ይንገረን። ለዓመታት ለቆየ ሕመም ፊዚዮቴራፒ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድም ያስረዳን። እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የፊት መደንዘዝ ያለበት ሰው ቶሎ መታየት እንዳለበትም ደግማችሁ ጻፉልን፤ እንደኔ ማስታገሻ እየዋጠ የሚጠብቅ አለና።

ዋጋውንም አትተዉት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሽኔን ከድኜ፣ ልጆቼን ለአማቴ ትቼ ከመነሳቴ በፊት የማንን በር እንደማንኳኳና ስንት ብር መያዝ እንዳለብኝ ማወቅ አለብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከጅማ