የድጋፍ ጥሪ፦ ክረምት ሳይገባ አልበሙ እንዲያልቅ

የተከበራችሁ የባንዱ ወዳጆች፣ የግሮሰሪው ደንበኞችና በውጭ የምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤

በግሮሰሪው ውስጥ የምንቀዳው፣ ዘጠኝ ዘፈን የያዘው የባንዱ አልበም በጥር ወር ሊጠናቀቅ የቀረው የሳክስፎንና የድምፃውያን ቀረጻ ብቻ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጣና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ሳውንድ ካርድ አቃጠለው። በዚያው ሰዓት ሲቀዳበት የነበረው ሃርድ ዲስክም ተበላሸ። በድምፅ ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ የተረፈው የአምስት ዘፈን ድራምና ቤዝ ነው። አራቱ ከሀ ይጀመራሉ።

«ስታቢላይዘር አልነበረም ወይ?» ላላችሁን፦ ነበረ፤ የተሰካው ግን ቢራ ፍሪጁ ላይ ነው። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው። ይሁንና ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ዲስክ አያድንም። ቀረጻውን አቁሞ ፋይሉን ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጠው ባለባትሪው ዩፒኤስ ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዲስኩም አንድ ብቻ መሆን አልነበረበትም። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ትራክ (ለየብቻ በሚቀዱ 16 ድምፆች) የሚቀዳ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አምስት ጊዜ ከተደገመ ሦስት ጊጋ ተኩል ነው። ከእንግዲህ የየቀኑ ሥራ ማታውኑ በሁለት ዲስክ ይገለበጣል፤ አንዱ ከግሮሰሪው ውጭ ያድራል።

እስካሁን ከተሰበሰበው 186,000 ብር ወጪ የሆነው 142,000 ነው፦ ለድራም ቆዳ፣ ለገመድና ለሁለት ኮንደንሰር ማይክ 64,000፣ ለሳውንድ ካርዱ 38,000፣ ለድምፅ ባለሙያው 40,000። ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፤ መጥቶ ማየት ይቻላል። ድምፅ እንዳይገባና እንዳይወጣ «የእንቁላል ትሪ ግድግዳው ላይ ብትለጥፉ ይበቃ ነበር» የሚሉ አሉ። የእንቁላል ትሪ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይውጥ ይሆናል እንጂ የመንገዱን ጡሩምባ ከመግባት፣ የቤዙን ድምፅም ከመውጣት አያግድም። ብርድ ልብስ የሰቀልነው የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ ነው፤ እሱም ቢሆን ቤዙን አላቆመውም።

ለምን ትቸኩላላችሁ? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ሰኔ ከገባ ኮንደንሰር ማይክ፣ ትንሹን ድምፅ ሁሉ ስለሚለቅም፣ ዘፋኙንና ዝናቡን እኩል ይሰማል። ጊታር የሩቁን ድምፅ ብዙ በማይለቅመው በዳይናሚክ ማይክ፣ ከአምፑ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ስለሚቀዳ ለክረምት ቢተርፍም ይቻላል። ድራም፣ ሳክስፎንና የድምፃውያኑ ቀረጻ ግን ግንቦት ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ሳክስፎን በጠዋት ብርድ ኖታው ዝቅ ይላል፤ ኪቦርዱ ንቅንቅ አይል! ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለማሟሟቂያ ብቻ ይያዛል። የሮክ ኤንድ ሮሎቹ ድራም በክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማ ምት ቆጣሪ) ቶሎ ያልቃል። የሚያስቸግሩት ባለ ስድስት ምቶቹ ሁለቱ ቺክቺካዎች ናቸው፦ ክሊኩ ስድስቱንም ምት ከቆጠረ ድራሙ ይደርቃል፤ ሁለቱን ዋና ምቶች ብቻ ሲመታ ግን ይላወሳል።

በሸክላ ይውጣ ለምትሉ፣ ናፍቆቱ የእኛም ነው። የአምሐ ሬከርድስ መሥራች አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ቴአትርን የብቸኝነት መብት ተዳፍሮ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አንዱ ትንሽ ሸክላ የሚይዘው ሁለት ዘፈን ነበር። የእኛ 44 ደቂቃ ነው። ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጽ ጥሩ የሚሰማው እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የድምፁ ከፍታና ቤዙ መቀነስ አለበት። የማሳተሚያውና የጉምሩኩ ሲታከል ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። በፍላሽና በኢንተርኔት ይወጣል።

የቀረው ወጪ 200,000 ብር ነው፦ ለሳውንድ ካርድ፣ ለሁለት ዲስክ፣ ለዩፒኤስና ለስታቢላይዘር 98,000 (ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የውጭ ዕቃ በድሮው ዋጋ የለም)፤ ለዘጠኙ ዘፈኖች ሚክሲንግና ማስተሪንግ (ድምፆቹን ለማመጣጠንና ለመጨረሻ ማስተካከያ) እያንዳንዱ በ8,000 ሒሳብ 72,000፤ ከሌሎች ለወሰድናቸው ሁለት ዘፈኖች የባለመብት ፈቃድ 30,000። የመጨረሻው አይታለፍም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ከአዋጁ በፊትም ይሉኝታ አለ። በእጃችን 44,000 አለ። የጎደለው 156,000 ነው።

ይህ ባንድ ለስንቱ ሠርግ ያለ ክፍያ እንደቆመ፣ ለእድሩ ድንኳን መግዣም ስንት ምሽት እንደተጫወተ ታውቃላችሁ። ስም አንጠራም።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩ ባንኮኒው አጠገብ በተለጠፈው፣ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ አለ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ ላኩ። በምክንያቱ ቦታ «አልበም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለፈው ዙር ያለ ምክንያት የገባው ገንዘብ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ አስቸግሮናል። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዥ አሳዩ። በድጋሚ፦ ለማንም የኮሚቴ አባል የግል ስልክ አትላኩ። የጋራ ሒሳብ፣ «አልበም»፣ እስከ ሚያዝያ 30።

የአልበም አሠሪ ኮሚቴው