የሙዚየሙን ግድግዳም አሳዩን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በጥበብ ገጻችሁ ስለ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ሕንፃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነፎቶግራፎቹ ደጋግሜ አየሁት። ፎቶግራፎቹ ያምራሉ፤ ግን ሁሉም ከውጭ የተነሡ ናቸው። አንድም ሥዕል፣ አንድም ቆሞ የሚያይ ሰው የለባቸውም። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሥራዬ በኤግዚቢሽን አዳራሽ ሥዕል መስቀል ነበርና፣ ነገሩ ሙሽራዋ የሌለችበት የሠርግ ፎቶግራፍ ሆነብኝ።

ቅር ያለኝ ሕንፃዎቹ መደነቃቸው አይደለም። እኔም አደንቃቸዋለሁ። ቅር ያለኝ፣ አርክቴክቱ ለሥዕሉ ምን ሰጠው፣ ምንስ ነሣው ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

በኒውዮርኩ ጉግንሃይም ሙዚየም ልጀምር (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ፍራንክ ሎይድ ራይት ያንን ጠመዝማዛ ሕንፃ የነደፈው፣ ጎብኚው በአሳንሰር ወደ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን ቁልቁል እየወረደ ሥዕል እንዲያይ አስቦ ነው። ሥዕል በሠዓሊው ማቆሚያ ላይ እንዳለ ጋደል ብሎ ቢታይ ይሻላል ብሎም ግድግዳውን ወደ ኋላ አዘነበለው። በ1956 ዊለም ደ ኩኒንግና ፍራንዝ ክላይን ያሉበት 21 ሠዓሊዎች የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። ከሙያው ውጭ ላለ ሰው የሠዓሊ ቅብጠት ይመስላል። ውሃ ልክ ይዞ ሥዕል የሰቀለ ሰው ግን ይገባዋል። ወለሉ ተዳፋት ነው፤ ሥዕሉን በውሃ ልክ ሲያስተካክሉት ከወለሉ አንጻር የተንጋደደ ይመስላል፣ ከወለሉ ጋር ሲያስማሙት ደግሞ እውነትም ይንጋደዳል። ግድግዳውም በቱንቢ የሚዳኝ አይደለም። ሙዚየሙ በ1959 ሲከፈት ዳይሬክተሩ ጄምስ ጆንሰን ስዊኒ መላ ፈጠረ፤ ሥዕሎቹን ከግድግዳው ወደ ፊት በወጡ የብረት ዘንጎች ላይ አቆማቸው። ራይት ከምርቃቱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ስላረፈ ይህን አላየም። ቢያይ ኖሮ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

እኔም የራሴ ጉግንሃይም ገጥሞኛል። ስሙን የማልጠራው፣ ግድግዳው ሁሉ ክብ የሆነ ሙዚየም ነበር። ሦስት ሜትር የሚሆን ሸራ ሰቅለን ስንጨርስ ሁለቱ ጫፎቹ ግድግዳውን ነክተው፣ መሐሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ልጆች ከሥሩ እያጎነበሱ የሸራውን ጀርባ ያዩ ነበር፤ አልፈርድባቸውም፣ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ጉድ ነበረበት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ በጣሪያው መስታወት የሚገባው ፀሐይ ግድግዳውን ተከትሎ እየተንሸራተተ፣ በወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ሥዕል ላይ መጥቶ ያርፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በተለምዶ የሚፈቀደው ብርሃን፣ በብርሃን መለኪያው በሉክስ፣ 50 ያህል ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ፀሐይ የበላው ቀለም ደግሞ ከዚያ በኋላ ጨለማ ክፍል ቢያስቀምጡት ተመልሶ አይመጣም። ለአለቆቻችን ብንነግራቸው «የሕንፃው ዲዛይን አይነካም» ተባልን። በመጨረሻ መሰላል አቁመን መስታወቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው። ያ መስታወት በየመጽሔቱ ሲወደስ የኖረ ነው!

ታዲያ ሙዚየም ሁሉ ነጭ ሣጥን ይሁን አልልም። በስፔን ቢልባኦ ፍራንክ ጌሪ የሠራውን፣ በ1997 የተከፈተውን ሌላውን ጉግንሃይም ተመልከቱ። ቲታኒየም ከተባለው ብረት ስለተሠራው ልባሱ በሰፊው ጽፋችኋል፤ እውነትም ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ንጣፎች፣ ለአውሮፕላን ሥራ በተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተነድፈው መለበሳቸው ያስገርማል። ሳትጽፉ የቀራችሁት፣ ከውስጥ አሥር የሚሆኑት ክፍሎች ማእዘናቸው የተስተካከለ፣ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ተራ ክፍሎች መሆናቸውን ነው። እነሱ ከውጭ ድንጋይ ለብሰዋል፤ ቲታኒየም የለበሱት ጠመዝማዛዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሥዕል ሰቃይ ገና መንገድ ላይ ቆሞ የትኛው ክፍል እንደሚያስተናግደው፣ የትኛው እንደሚያስለቅሰው ያውቃል። ከጠመዝማዛዎቹ ትልቁ ምሰሶ የሌለው፣ 130 ሜትር ያህል የሚረዝም አዳራሽ ነው። ሸራ ቢሰቅሉበት ይጠፋል። ሰው በመካከላቸው የሚመላለስባቸው የቀራፂው የሪቻርድ ሴራ ግዙፍ የብረት ሥራዎች ግን ሞልተውታል።

የኬፕታውኑ ዛይትዝ ሙዚየምም እንዲሁ ነው። ቶማስ ሄዘርዊክ የአሮጌ እህል ጎተራ 42 የኮንክሪት ቱቦዎችን መሐል ለመሐል ቆርጦ፣ የአንዲት የበቆሎ ፍሬ ቅርፅ አግዝፎ አዳራሽ አወጣባቸው። ሥራዎቹ የሚታዩት ግን በአብዛኛው ቀጥ ባሉ ነጭ ክፍሎች ውስጥ ነው። አዳራሹን አይተው ወደ ክፍሎቹ ሲገቡ ቅር የሚላቸው አሉ። እኔ ይህን የአርክቴክቱ ጨዋነት ነው የምለው።

«ያሸበረቁ ቱቦዎች» ብላችሁ ያለፋችሁት የፓሪሱ ፖምፒዱ የጥበብ ማእከልም ቢሆን፣ ሰማያዊው የአየር፣ አረንጓዴው የውሃ፣ ቢጫው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሬንዞ ፒያኖና ሪቻርድ ሮጀርስ ይህን ሁሉ ወደ ውጭ ያወጡት የውስጡ ወለል ነፃ እንዲሆን ነው። ምሰሶ የማይገተርበት ሰፊ ወለል ላይ ለየኤግዚቢሽኑ አዲስ ግድግዳ ማቆም ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ።

ወደፊት ስለ ሙዚየም ስትጽፉ ዘጋቢያችሁ ጥቂት ተራ ጥያቄዎችን ይጨምርልን። ግድግዳው ምስማር ይቀበላል ወይ? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የት ያርፋል? በሣጥን የታሸገ ትልቅ ሥዕል በየት በር ይገባል፣ የዕቃ አሳንሰሩስ ይችለዋል? የኋለኛውን ጥያቄ ንቃችሁ እንዳታልፉት፤ በር አልበቃው ብሎ ሣጥን ሲፈታ በዝናብ የጠበቅሁበት ቀን አለ።

ፎቶግራፍ አንሺያችሁም አንድ ሥዕል መርጦ፣ አራት ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ያንሣልን። ከፍ ማለት ካስፈለገው የመጋዘን ሠራተኛውን መሰላል ይጠይቀው፤ ሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ የት እንደተቀመጠ አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ሥዕል ሰቃይ