የሐረር ጉዞ፦ ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡት

ሰላም ለሁላችሁ! የጣናን ገዳማት አዳርሰናል፣ ጎንደርማ ጎረቤታችን ነው፤ ዘንድሮ ሐረር እንሂድ ተብሏል። ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል ድሬዳዋ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ዳገቱን በሚኒባስ እንወጣለን።

ጁገልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ለማታውቁ፣ ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው። ጥንታዊ በሮቹ 5 ናቸው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው 82 መስጊዶች ቆጥሯል፣ 3ቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ግዙፍ ጉልላት ጠብቃችሁ እንዳትመጡ ብቻ፤ አብዛኞቹ ትንንሽና በመኖሪያ ቤቶች መሃል የተሸጎጡ ስለሆኑ መሪ ከሌለን ሳናያቸው እናልፋለን።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጡት ቤቶቹ ናቸው። ከውጭ ደረቅ ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስትገቡ ግን ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው፣ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ነው የሚቀመጠው፣ ግድግዳው ደግሞ በባለቀለም ስፌቶችና በሳህኖች ተሞልቷል። አንዳንዶቹ እንግዳ ስለሚያሳድሩ ሆቴሉን ትተን እዚያው ብናድር እላለሁ።

ረዘም ያለ ልብስ ያዙ፣ ሴቶች ሻርፕ አትርሱ። መስጊድ ሳታስፈቅዱ አትግቡ፣ ሰውም ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ከፍታው ከእኛ ብዙም አይለይም፣ ለማታ ሹራብ ይበቃል። ሰዎች ጅቦችን ሲመግቡ የምናየው ማታ ነው፤ የፈራ ይቀራል፣ አንስቅበትም (ትንሽ ብቻ)። የምትመጡ እስከ ዓርብ ስማችሁን ላኩልኝ።